በመኪናው በር ውስጥ ያገኘሁት ክታብ

ልጆቼ "አባባ፣ ይህን ነገር ጻፈው" ሲሉኝ "እናታችሁን እንዴት እንደገደልኳት ለማንበብ ነው የቸኮላችሁት?" እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። አሁን እሷም የለችም፤ እኔም ጥርሴ አልቋል። ነገሩ የፈጀው ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ሦስት ቀን ብቻ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ከቤት የወጣው ይማም ግን ሐሙስ ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ የተመለሰው ሌላ ሰው ነው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጣልያን ሸዋ ሮቢት ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሥራዬ ቆዳ ነው፤ የበቅሎ ኮርቻ፣ ልጓም፣ የካራ አፎት እሠራለሁ፤ ሼሆች ለሚጽፉት ክታብም የቆዳ ልብሱን እሰፋለሁ። በእኛ አገር ቆዳ የሚሠራ ሰው ፋቂ ይባላል፤ ፋቂ ደግሞ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ኮርቻዬን ወደው ይገዙኛል፤ በደጃቸው ሳልፍ ግን ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑብኛል። ሚስት የሚሰጠኝ ሰው ከየት ይምጣ?

ሐጂ ሰይድ ሰጡኝ። የጥጥ ነጋዴ ናቸው፤ በሮቢትና በአካባቢው ሽምግልና ሲኖር ከሁሉ በፊት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ልጃቸውን ዘሃራን ሲድሩልኝ ዘመድ አዝማዱ "ለቡዳ እንዴት ይሰጣሉ?" ብሎ አኮረፈ። እሳቸውም "የሚበላ ከሆነ መጀመሪያ እኔን ይብላ፤ ሥጋዬም ደርቋል፣ ይቸገር" ብለው ሳቁበት። ውለታቸውን የምመልስበት ነገር ባጣ በኒካው ቀን የክታባቸውን ልብስ አዲስ አድርጌ ሰፋሁላቸው። ቀይ የፍየል ቆዳ፣ ጠርዙ በጥቁር ክር፣ በአራቱም ማዕዘን ትንሽ ቋጠሮ። እንደሱ ያለ ለሌላ ሰው ሰፍቼ አላውቅም።

ይህ ነገር ከመድረሱ አንድ ወር ቀደም ብሎ ታላቅ ወንድሜ ኡመርና ሁለት ጓደኞቹ ለአርበኞች ጥይት ሲያሻግሩ ወንዙ ዳር ተያዙ። ጣልያኖቹ ቦታውንም ሰዓቱንም አውቀው አድፍጠው ነበር የጠበቋቸው። በማግስቱ ሦስቱንም ሰቀሏቸው። የነገረ ሰው አለ ማለት ነው፤ የነገረው ደግሞ ከእኛው ነው። ከዚያ በኋላ በሮቢት ሰው ከሰው መነጋገር ተወ። አንዱ ዱቤ ሲከለክል "ምን ሰምቶ ነው?" ይባላል፤ አንዱ አዲስ ጋቢ ሲለብስ "ማን ሰጠው?" ይባላል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ማክሰኞ ጠዋት ጣልያኖቹ ጋራዥ የተጠራሁት።

የጦሩ ሹም ጥቁር መኪና ነበረችው። የሮቢት ሙቀት የበሮቿንና የመስታወቶቿን ዙሪያ ጎማ አድርቆ ሰነጣጥቆታል፤ መስታወቱ ሲወጣና ሲወርድ የሚንሸራተትበት ቦይ ውስጥ ያለውን ሱፍም ብል ጨርሶታል። ሹሙ ደረቱን ያመዋል። አቧራ ሲገባ ያስለዋል፤ ሲያስለው ይቆጣል፤ ሲቆጣ ሰው ያስገርፋል። የመኪናው ጎማ መሰንጠቅ ለሮቢት ሰው ጀርባ ተርፎ ነበር። አዲስ ጎማ ከአስመራ ታዝዞ የጫነው መኪና መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ለምን እንደቀረ እኛም እነሱም እናውቃለን።

መካኒኩ ጂኖ ይባላል፤ አስመራ ብዙ ዓመት የኖረ፣ አማርኛ እየሰባበረ የሚናገር ሽበታም ሰው ነው። የአሮጌውን ጎማ ቁራጭ ሰጠኝና "ይህን በቆዳ፣ በሱፍ፣ በምንም ሥራ። አቧራ መግባት የለም፣ ውሃ መግባት የለም" አለኝ። እምቢ ማለት እንደማይቻል ዓይኑ ነገረኝ። እኔም በልቤ ሥራውን ወደድኩት፤ ዋሽቼ ምን አተርፋለሁ? ከመንዝ የመጣ ወፍራም የሱፍ ዝተት በቀጭን በቀጭኑ ቆረጥኩ፤ ጀርባውን በፍየል ቆዳ ሰፋሁት፤ ሰምና ሞራ አጠጣሁት። ለበሩ ዙሪያ ደግሞ ከአሮጌ የከባድ መኪና ካላማዳሪያ፣ ከውስጥ ጎማው፣ ቆረጥን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የበሩ የውስጥ ልባስ ተፈትቶ ይነሳል፤ መስታወቱ ይወጣል፤ የበሩ ሆድ ባዶውን ይቀራል። የፊት በሮቹን እጀታና የመስታወቱን ማዞሪያ ጂኖ በካቻቢቴ ፈትቶ ጣሳ ውስጥ አስቀመጣቸው። ወደ ኋላ በሮች ስንዞር ግን እጀታም ማዞሪያም አልነበረም። ቀድሞ የፈታው መሰለኝና አልጠየቅኩም። አሮጌው ጎማም ከኋላ በግራ በኩል ከሌላው ይልቅ ተበሳስቶና ተቦጫጭቆ ነበር። ጸሐይ የሚመታው ጎን ይሆናል ብዬ ጎትቼ አወጣሁትና ወረወርኩት።

ከዚያ የዚያን በር ሆድ ለመጥረግ እጄን ሰደድኩ። አቧራ አለ፤ የሲጋራ ቁራጭ አለ፤ ከሥሩ ለስላሳ ነገር ነካሁ። አውጥቼ ሳየው ቀይ የፍየል ቆዳ ነው። ጠርዙ በጥቁር ክር ተሰፍቷል፤ በአራቱም ማዕዘን ቋጠሮ አለበት።

የገዛ እጄን ስፌት ለማወቅ ብርሃን አያስፈልገኝም። ጂኖ ከመኪናው ወዲያ ማዶ ሆኖ "ምን አገኘህ?" አለኝ። "ቆሻሻ" አልኩት። እየዞረ ሲመጣ ክታቡን የሰም ጣሳዬ ውስጥ ጨምሬ በአውራ ጣቴ ወደ ታች ተጫንኩትና ላዩን ደፈንኩት። ማታ ስወጣ ፈተሸኝ፤ መቀነቴን አስፈታኝ፤ ጥምጥሜን አራገፈው፤ ጣሳውን ከፍቶ አሸተተና መለሰልኝ። ለምን እንደፈተሸኝ አልነገረኝም፤ ቁመናዬ ግን የሌባ ቁመና ሳይሆን አልቀረም።

ወደ ቤት ስሄድ እግሬ ይራመዳል እንጂ እኔ የለሁም። ሐጂ ሰይድ ከኡመር መያዝ ወዲህ አንገታቸው ባዶ ነው። "ዉዱእ ሳደርግ ወንዝ ወሰደብኝ" ብለውን ነበር። ወንዝ የወሰደው ክታብ በሹሙ መኪና በር ውስጥ ምን ያደርጋል? ኡመር በተያዘበት ዋዜማ ጥጥ ልገዛ ብለው ወደ ካራቆሬ ሄደው፣ ሳይመለሱ አድረው፣ በማግስቱ ቀትር ላይ ገቡ። ወባ ነው ብለው ሦስት ቀን ተኙ። የኡመርን መንገድ ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። ጥርጣሬ እንደ እርጥብ ቆዳ ነው፤ በፈለጉበት በኩል ሲስቡት ይለጠጣል። ቤቴ ሳልደርስ አማቴን ከጣልያን ሹም ጎን አስቀምጬ፣ ሲጋራ አስለኩሼ፣ የወንድሜን ስም በጆሮው ሹክ ሲሉት አይቻቸዋለሁ።

ወደ ቤቴም አልገባሁ። ወደ እትዬ መዲና ሄድኩ። እትዬ መዲና ገበያው ዳር ጨውና ትምባሆ የሚሸጡ ባልቴት ናቸው። የውስጥ አርበኛ መሆናቸውን፣ ተራራ ላይ ያሉት አርበኞች በእሳቸው ጆሮ እንደሚሰሙ የነገረኝ ኡመር ነው። ዕቃቸውን እየሰበሰቡ አገኘኋቸው።

"እትዬ፣ ኡመርን ያስበላውን ሰው አውቄዋለሁ" አልኳቸው።

"አውቀህ ነው ገምተህ?"

ክታቡን ከሰሙ ፈልቅቄ አሳየኋቸውና የት እንዳገኘሁት ነገርኳቸው። አገላብጠው አዩት።

"ይህ የአማትህ ነው።"

"ነው።"

"ይማም፣ ከእኔ የወጣ ቃል ተራራ ይወጣል። ነገ ተሳስቼ ነበር ብትል አይደረስበትም።"

"ቃሌ ነው" አልኩ።

ሌላ አልጠየቁኝም። ለዘሃራ ምንም እንዳልነግራት፣ ሥራዬንም እንደ ወትሮው እንድሠራ አዘዙኝና ጨዋቸውን ተሸክመው ሄዱ። እኔም፣ አትናቁኝና፣ ያን ዕለት እንደ ጀግና ነበር የተሰማኝ።

ረቡዕ ቀትር ላይ ሐጂ ሰይድ ለምሳ እኛ ቤት መጡ። ከአንድ ገበታ ተቀመጥን። ዓይኔን ከእጃቸው ላይ ማንሳት አቃተኝ። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጥፍሮች ጠቁረው ግማሻቸው ተነቅሏል። የጥጥ ማሰሪያ ገመድ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

"ክታብዎ እስካሁን አልተገኘም?" አልኳቸው ልፈትናቸው።

"ወንዝ የወሰደውን ማን ያገኛል፣ ልጄ?" አሉ። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ "የመኪናውን በሮች ሁሉንም ነው የምትፈታቸው?" አሉኝ።

"ሁሉንም።"

"የኋላዎቹንም?"

"የኋላዎቹንም።"

ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡ። ዘሃራ "አባባ ምነው አልበላም አሉ?" ስትል ሙቀቱን አመካኙ። እኔ ግን የቀረችኝ ቅንጣት ጥርጣሬ እንኳ ያን ጊዜ ለቀቀችኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አልኩ በልቤ።

ሐሙስ ጠዋት ዘሃራ ቁርስ እያቀረበች፣ አባቷ ጀውሃ ለደም ሽምግልና መጠራታቸውን ነገረችኝ። የሚወስዳቸው ሰው መጥቷል፤ ከዙህር ሶላት በኋላ በበቅሎ ይሄዳሉ። በእኛ ዘንድ ለሽምግልና የተጠራ ሽማግሌ እምቢ አይልም፤ ታሞ እንኳ ተደግፎ ይሄዳል። እኔ ጀውሃ ሽምግልና እንደሌለ፣ ጥሪው ከእትዬ መዲና ሰዎች እንደመጣ አውቃለሁ። የሚጠብቃቸውንም አውቃለሁ። "በሰላም ይግቡ" አልኩና ዳቦዬን በላሁ። ያችን ዳቦ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ጋራዥ ስደርስ ሥራው ሊያልቅ ነው። መስታወቶቹ ገብተዋል፤ ልባሱ ተገጥሟል። ጂኖ የፊት በሮቹን እጀታ ከጣሳው እያወጣ መለሰ። ቀትር ላይ የውሃ ፈተና እናድርግ አለ፤ እኔ ከኋላ ገብቼ እቀመጣለሁ፣ እሱ ከውጭ በባልዲ ይደፋል፣ የሚያፈስ ቦታ ካለ እነግረዋለሁ። ገባሁ፤ በሩን ዘጋው። ውሃው በመስታወቱ ላይ ሲወርድ አያለሁ፤ ጠብታ አልገባም። ድምፁ እንኳ ከሩቅ ነው የሚሰማው። በሥራዬ ኮራሁ።

ሲያበቃ ልወጣ እጄን ወደ በሩ ሰደድኩ። የምይዘው ነገር የለም። በሌላው በር ሞከርኩ፤ እዚያም የለም። መስታወቱን ላወርድ ብል ማዞሪያ የለም። መታሁ፤ ጂኖ ባልዲውን አስቀምጦ እጁን አድርቆ እስኪመጣ ወጥመድ ውስጥ እንደገባች አይጥ ቆየሁ። ሲከፍትልኝ "የኋላዎቹን እጀታ ረሳህ" አልኩት።

"አልረሳሁም። ከኋላ እጀታ የለም። ሹሙ ከፊት ነው። ከኋላ እስረኛ ነው" አለኝ።

ዓይኔ የወረደው የመስታወቱ ታች ባለው የብረት ጠርዝ ላይ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ስሠራበት ዝገት ያልኩት የጥፍር ጭረት ነው። ወደ ቆሻሻው ክምር ሄጄ አሮጌውን የግራ ጎማ ፈልጌ አነሳሁት። ጎማንም ቆዳንም ጸሐይ ሲሰነጥቀው ስንጥቁ ጥልፍልፍ ነው፤ እንደ ደረቀ ጭቃ። ይህ ግን ተቧጭሮ፣ ተፈልቅቆ፣ ከአንድ ቦታ ተቦጭቆ የወጣ ነው። በዚያ በተቦጨቀው በኩል ክታብ ያልፋል። በግራ በኩል የተቀመጠ ሰው በቀኝ እጁ የፈለቀቀው ነው። ትናንት በገበታው ላይ ያየኋቸው ጥፍሮች ትዝ አሉኝ።

አማቴ የሹሙ እንግዳ አልነበሩም። እስረኛ ነበሩ። የሰፋሁትን አወቅሁ እንጂ የተቀደደውን አላየሁም፤ እኔ፣ ባለ ሙያው!

ዙህር ተሰግዷል። በቅሎዋ መንገድ ጀምራለች። በእግሬ ብሮጥ አልደርስባትም። እንዴት እንዳሰብኩት አላውቅም፤ ለጂኖ "ውሃውን አለፈ፣ አቧራው ግን ይቀራል። የከተማው መንገድ ሬንጅ ነው፤ ወደ ጀውሃ ጠጠሩ ላይ እንሞክረው" አልኩት።

ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። "ለምን ጀውሃ?"

"አቧራው እዚያ ነዋ።"

"ሽፍታም እዚያ ነው" አለኝና ጨመረ፤ "ወንድምህ ተሰቅሏል። አውቃለሁ።"

"አዎ፣ ተሰቅሏል። አቧራ ገብቶ ሹሙ ቢያስለው ደግሞ የምገረፈው እኔ ነኝ" አልኩት። ምላሴ ከየት እንዳመጣችው እንጃ።

ብዙ አየኝ። ከዚያ ሽጉጡን አወጣና ጭኑ ላይ አደረገው። "አንተ ከኋላ ትቀመጣለህ። ጥይት ከመጣ መጀመሪያ አንተ" አለኝ።

ወጣን። መስታወቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ ውስጡ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ሬንጁ አልቆ ጠጠሩ ሲጀምር አቧራው ከኋላችን እንደ ግድግዳ ተነሳ። ውስጥ ግን ምንም። ጂኖ በጣቱ መቀመጫውን እየጠረገ ያያል፣ በመስታወቱ እኔን ያያል፣ ግራና ቀኝ ግራሩን ያያል። እኔ የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንገዱን።

ከሩቅ የሐጂ ሰይድን ጥቁር ዣንጥላ አየሁ። በበቅሎ ላይ ናቸው፤ ልጓሙን ይዞ አንድ ጠመንጃ የሌለው ሰው ከፊት ይሄዳል። መኪናዋን ሲያይ ሰውየው በቅሎዋን ወደ ዳር ሳባት። እኔ በሙሉ ድምፄ "ሐጂ!" ብዬ ጮህኩ። በአጠገባቸው ስናልፍ ፊታቸውን አየሁት፤ የመኪናዋን የኋላ በር ያያሉ፣ መስታወቱ ጸሐይ ያንጸባርቃልና እኔን ግን አያዩኝም፤ አይሰሙኝም። ሦስት ቀን ሙሉ ድምፅ እንዳይገባ እንዳይወጣ አድርጌ የደፈንኩት እኔው ነኝ። መስታወቱን በጡጫ ስመታ ጂኖ ሽጉጡን አነሳና ዝም እንድል አዘዘኝ።

የከፋው ደግሞ ኋላ ገባኝ። ያ ሰውዬ የሹሙ መኪና ሲከተላቸው አይቷል። በእኔ ምክንያት ነገሩ ተረጋገጠለት ማለት ነው፤ ጀውሃ ሳይደርሱ ሊጨርሳቸው ይችላል።

ጂኖ ከጀውሃ መለስ ብሎ ካለው የጣልያን ኬላ ሲደርስ ከዘበኛው ጋር ሁለት ቃል ተለዋውጦ መኪናዋን አዞረ። ያን ጊዜ ወስፌዬንና ካራዬን ከጉያዬ አወጣሁ። ከመቀመጫው ጎንበስ ብዬ የገዛ ሥራዬን መቅደድ ጀመርኩ። ሰምና ሞራ ያጠጣሁት ዝተት፣ በድርብ ክር የሰፋሁት ቆዳ፣ በማስቲሽ የለጠፍኩት ካላማዳሪያ፣ ሁሉም ጠንክሮ አስቸገረኝ። ምነው ያኔ ሰነፍ ሠራተኛ በሆንኩ! በመጨረሻ ጎማው ተቦጭቆ ሲወጣ መስታወቱ ያለ ድጋፍ ቀረ፤ በሁለት መዳፌ ስጫነው ሁለት ጣት ያህል ወረደ። አቧራው ፊቴ ላይ ገባ።

ጥላው እንደገና ታየ። አሁን ምን ብዬ ልጥራቸው? "ሊገድሉዎት ነው" ብል ጂኖ ይሰማል፤ አርበኞቹን ሰጠሁ ማለት ነው። "ይመለሱ" ብቻ ብል ለሽምግልና የተጠራ ሽማግሌ አይመለስም። ሽማግሌን ከሽምግልና መንገድ የሚመልስ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ሞት። ልጁን ሊቀብር የሚሄድን አባት ደግሞ በአገራችን ደመኛው እንኳ አያግደውም።

አፌን ከክፍተቱ ላይ አደረግሁና "ሐጂ ሰይድ! ዘሃራ ሞታለች! ልጅዎ ሞታለች፣ ለቀብር ይመለሱ!" ብዬ ጮህኩ።

ጥላው ከእጃቸው ወደቀ። ባጠገባቸው አለፍን፤ በኋላ መስታወት ዞሬ ሳይ በቅሎዋ ወደ ሮቢት ፊቷን አዙራለች፤ ሰውየውም ልጓሙን ለቋል።

ጂኖ መኪናዋን አቆመ። የተቀደደውን ጎማ አየ፤ ካራዬን አየ። "ማን ሞተ?" አለኝ። ሚስቴ እንደሆነች ስነግረው ሽጉጡን ወደ እኔ አዞረ። "ማን ነገረህ? ከጠዋት ጀምሮ ከእኔ ጋር ነህ።"

እውነቱን ነው። "ልቤ ነገረኝ" አልኩት፤ ሌላ አላገኘሁም። ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ለማታለል አልነበረም፤ እንባው ራሱ መጣ። ጂኖ ሽጉጡን ይዞ ሲያየኝ ቆየና በእጁ አማተበ። ከከተማው ጫፍ አወረደኝ። "ነገ መጥተህ ትሠራዋለህ፤ በነጻ" አለኝ፤ በነጻም ሠራሁት።

ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። መንገድ ላይ የሰማ አንድ እንጨት ለቃሚ፣ ጂኖ መኪናዋን አቁሞ ሲመረምረኝ በአቋራጭ ሮጦ፣ ቀድሞኝ አገሩን አዳርሶታል። ቤቴ ስደርስ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ደጁን ሞልተውታል፤ ዘሃራ መሀላቸው ቆማ፣ የምትፈትለውን ጥጥ እንደያዘች፣ "ማን ነው የሞተው?" ትላለች። ሐጂ ሰይድ በቅሎዋን እየጋለቡ ደረሱ። እርካብ ሳይረግጡ ከኮርቻው ወደቁ። ልጃቸውን ቆማ ሲያዩ መሬት ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ።

"ሞተች ያለው ማን ነው?" አለች ዘሃራ።

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"አባትሽን ሊገድሏቸው ነበር" አልኩ ዝቅ ብዬ።

"ማን ነው ስማቸውን ለገዳይ የሰጠው?"

ውሸት ፈለግሁ። ያን ቀን ውሸት ሁሉ በአፌ ሞልቶ ነበር፤ ለዚህች ግን አንድ እንኳ አልተረፈኝም። "እኔ ነኝ" አልኳት።

ከሁሉ ቀድመው የተናገሩት ሐጂ ሰይድ ናቸው። "ሰዎቹን አሰናብቱ፤ አልሃምዱሊላህ፣ ልጄ ደህና ናት" አሉና ተደግፈው ገቡ።

ውስጥ ሆነን ሐጂ ሰይድ የሆነውን ሁሉ ነገሩን። በካራቆሬ መንገድ ላይ ጣልያኖቹ ይዘዋቸው ስለ ጥይቱ ሌሊቱን ሲገርፏቸው አድረዋል፤ ምንም አልተናገሩም። ኡመር የተያዘው በሌላ ሰው ወሬ ነው፤ በማን እንደሆነ አያውቁም። ሲወስዷቸው እስረኛ የሚታጎረው ሽንት ቤቱ አጠገብ እንደሆነ ሰምተው ነበር። የአላህን ስም ይዞ ወደ እርኩስ ቦታ አይገባም፤ ወታደር ቀምቶ እንዲረግጠውም አልፈለጉም። ስለዚህ ጎማውን በጥፍራቸው ፈልቅቀው ክታቡን በበሩ ሆድ ውስጥ ሰደዱት። ሲለቋቸውም ዝም አሉ። ከጣልያን እጅ በሕይወት የወጣን ሰው በዚያ ወር ማን ያምነው ነበር?

"የጀውሃው ሽምግልና እውነት እንዳልሆነ አላወቁም?" አልኳቸው።

"አወቅሁ እንጂ።"

"ታዲያ ለምን ሄዱ?"

"ብቀር አርበኞቹ እዚህ ይመጣሉ። እዚህ ዘሃራ አለች። ደግሞም የነገረው እኔ ነኝ ብለው ካልጨረሱኝ፣ ቀጥሎ የሚጠረጥሩት የጣልያንን መኪና የሚሠራውን ፋቂ ነው።" ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። "ክታቡን አምጣ። ማንጠልጠያውንም ጠበቅ አድርገህ ስፋው።"

በዚያው ቀን በዐስር ሶላት ሰዓት አሮጌውን ጎማ ይዤ እትዬ መዲና ዘንድ ሄድኩ። ጸሐይ የሰነጠቀውንና ጥፍር የቧጨረውን ለይቼ አሳየኋቸው። የገዛ ጣቶቻቸውን በጭረቶቹ ላይ አስቀምጠው አዩ። "ማክሰኞም እንዲሁ እርግጠኛ ነበርክ" አሉኝ። "ለሰውየው ዋሱ ማን ነው?" አሉ። "እኔ" አልኩ። "በምንህ?" ሲሉኝ "በአንገቴ" አልኳቸው። ዋስነቴ ተራራ ወጣ፤ ተቀባይነትም አግኝቶ ወረደ። ጣልያን እስኪወጣ ድረስ አንገቴ በአማቴ ንጽሕና ላይ ታስሮ ኖረ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲያ ሰውን ሁሉ አመንኩ ብዬ አልዋሻችሁም። በዚያ ዘመን ሁሉን ያመነ ሰው ዘመኑን አልጨረሰም። እንዲያውም ይህን ላውጣው፤ ዋስ ከሆንኩላቸውም በኋላ ሐጂ ሰይድ ወደ ካራቆሬ ሲወጡ ሲገቡ ልቤ ይቆጥር ነበር። የኡመርን መንገድ የሸጠው ሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ምናልባት ያን ዕለት ደጃችን ላይ ቆሞ ያለቀሰ ሊሆን ይችላል። የተማርኩት ይህን ብቻ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ እጄ ሥራ ሰው በላ ሲሉኝ፣ ሳያዩ ፈረዱብኝ እያልኩ አለቅስ ነበር። ስለ እኔ "መጀመሪያ እኔን ይብላ" ያሉትን አንድ ሰው ግን ሳላይ ልበላቸው ነበር። አሁን አንድ ነገር እርግጠኛ ስሆን፣ ያላየሁት የቱ ነው ብዬ አንድ ቀን አሳድረዋለሁ።

ዘሃራ ሰባት ወር አላናገረችኝም። በስምንተኛው "ወጡ ጨው አንሶታል?" አለችኝ፤ እንዳነሰው እያወቅሁ "በቂ ነው" አልኳት። ከዚያ ወዲያ አርባ ምናምን ዓመት ኖርን፤ ልጆች ወለድን። በተጣላን ቁጥር "አንዴ ገድለኸኛል፤ ሁለተኛ አትገድለኝም" ትለኝ ነበር፤ እኔም እስቅ ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ በሽታዋ ጸንቶ፣ አንድ ጠዋት እጄን እንደያዘች አረፈች። ጎረቤት ይሰማ ዘንድ ወጥቼ መጮህ የባል ወግ ነው። ደጁ ላይ ቆምኩ፤ አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣኝም። የጎረቤቴ ልጅ አይቶኝ ገባው፤ በእኔ ፋንታ እሱ ጮኸ።